የድሮ ዜማ በፓንክ ጊታር፦ የከቨር አልበም ቀረጻ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከቨር አልበም አንድ ባንድ ሌሎች የተጫወቷቸውን ዘፈኖች በራሱ ቅንብር መልሶ የሚቀዳበት ሥራ ነው። በሃርድኮር ፓንክ ባንዶች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ የአሜሪካው ሄትብሪድ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዲህ ያለ ሙሉ አልበም አውጥቷል። ሃርድኮር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፓንክ ከተባለው ጥሬና ኃይለኛ የሮክ ስልት የወጣ፣ ፈጣን፣ አጭርና በጩኸት የሚዘፈን ስልት ነው። ከፋና ወጊዎቹ አንዱ የዋሽንግተን ዲሲው ባድ ብሬይንስ ነው፤ አባላቱ ራስ ተፈሪያውያን ስለነበሩ የኢትዮጵያ ስም ከሃርድኮር ጋር ገና ከጅምሩ ተያይዟል ማለት ይቻላል።

እዚህ አገር የድሮ ዘፈን አንስቶ መጫወት የምሽት ክበብ ባንዶች እንጀራ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረቱት አምሃ ሬከርድስ የወጡት ሸክላዎች ዛሬም ዋና ምንጭ ናቸው። በደርግ ዘመን ካሴት ሸክላን ተካ፤ ሰዓት እላፊውም የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው።

ፓንክና የአዲስ አበባ ዜማ ፊት ለፊት የተገናኙት በጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በኩል ነው። ጋሽ ጌታቸው (እ.ኤ.አ. 1935–2016) በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ የሳክስፎን ንጉሥ ናቸው። ጦረኛ የሚፎክርበትን ሽለላ በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ከፍሪ ጃዝ (ከተወሰነ ኮርድና ምት ነፃ ሆኖ ከሚፈጠር ጃዝ) ጋር ያመሳስሉታል፤ ፍሪ ጃዝ ስሙን ሳያገኝ እዚህ ተሠርቶ እንደነበር ግን መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ዚ ኤክስ በ2002 ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫወተ፤ በ2004 ደግሞ ለ25ኛ ዓመቱ በዓል ጋሽ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። እሳቸውም በተራቸው ባንዱ እንዲያጅባቸው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 ሁለተኛው አልበም ወጣ። ዜማው የድሮው፣ ጊታሩ ጆሮ የሚሰነጥቅ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ደግሞ ከፊት። ዚ ኤክስን ሃርድኮር ማለት ያከራክር ይሆናል፤ ፓንክነቱ ግን አያከራክርም።

ይህን መንገድ ለሚከተል ጊታሪስት የመጀመሪያው ፈተና ቅኝት ነው። የፓንክ ጊታር በፓወር ኮርድ ነው የሚሠራው፤ መነሻው ድምፅና በዶ፣ ሬ፣ ሚ ቆጠራ ከእሱ አምስተኛው (ለዶ ሶል)፣ ሌላ የለም። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ከአምስቱ ድምፆች በአራቱ ላይ ኮርዱ ከቅኝቱ ሳይወጣ ይመታል፤ የሚያፈነግጠው በሚ ላይ ያለው ብቻ ነው። አንቺሆዬ (ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ) ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ መነሻው ዶ እንኳ አምስተኛው ቅኝቱ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ኮርዱን ትቶ ዜማውን በአንድ ክር መከተል ይሻላል። ምቱም የራሱ ጣጣ አለው፦ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ፣ ሃርድኮር በአራት አራተኛ። ችክችካን አራት አድርጎ የሚቀጠቅጥ ድራመር ዘፈኑን ገደለው ማለት ነው። ስድስቱን ይዞ ማፍጠን ይሻለዋል።

ቀረጻው ወደ ዳር የሚወጣው ለኪራይና ለጩኸት ሲባል ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ በብሎኬት ግድግዳ ከበሮ አይደበቅም፤ ድራሙ በኮምፒውተር ይሠራል፣ አለዚያም ራቅ ያለ ሰርቪስ ቤት ተፈልጎ ይቀዳል። ኮዬ ፈጬ፣ የከቨር አልበም የሚቀዱ ልጆች ጋ ባየሁት ክፍል በሩ ላይ ፍራሽ ተደግፏል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ካርቶኑ የክፍሉን ማስተጋባት ትንሽ ያለዝባል እንጂ ድምፅ ከመውጣት አያግድም፤ ይህን ጎረቤት ያውቃል። ቀን የብየዳና የግንባታ ድምፅ ስላለ ድምፃዊው የሚቀዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጅብ ይጮኻል፣ ቅጂውም ይደገማል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ሳውንድ ካርዱንም ይዞ ይቀጥላል፤ ግጥሙ በሞባይል መብራት ይነበባል።

ቅንብሩ አዲስ ቢሆንም ግጥሙና ዜማው የባለቤቱ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 የተሻሻለው፤ ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ፈቃድ የሚጠየቀውም ከወራሾች ነው። ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ሲገኝ ነገሩ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንዴ እንዲህ የሚጻፈው ባለዜማውን የጠየቀ ስለሌለ ሊሆን ይችላል። የኮዬዎቹ ልጆች እንዲህ ያጠራጠራቸውን አንዱን ዘፈን ሚክስ አድርገው ጨርሰው፣ የባለዜማውን ቤተሰብ እስኪያገኙ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጠውታል።