ሴፍ ምንድን ነው?

ሁለት መሥራቾችና ግማሹ የተሠራ መተግበሪያ ብቻ ያለውን ስታርትአፕ «ስንት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ፣ ገና ያልተወለደ ጥጃ ላይ ዋጋ እንደመቁረጥ ነው። ሴፍ ይህን ጥያቄ ለነገ የሚያሳድር አጭር ውል ነው። ኤንጀል ኢንቬስተሩ፣ ማለትም በግል ገንዘቡ ጀማሪ ድርጅት የሚደግፍ ባለሀብት፣ ገንዘቡን ዛሬ ይሰጣል፤ አክሲዮኑን የሚቀበለው ግን ድርጅቱ በሌላ ጊዜ ከቬንቸር ካፒታል (ስታርትአፕ ላይ ገንዘብ ከሚያፈስ ኩባንያ) ገንዘብ ሲያሰባስብና የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ሲቆረጥ ነው።

ውሉን ያወጣው ስታርትአፖችን በገንዘብና በምክር የሚያግዘው የካሊፎርኒያው ዋይ ኮምቢኔተር ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የተለመደው ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ብድር ወለድም የመክፈያ ቀንም ስላለው፣ ቀኑ ሲደርስ መሥራቹ «ትንሽ ታገሡኝ» እያለ ይለማመጥ ነበር። ሴፍ ብድር ስላልሆነ ወለድም ቀነ ገደብም የለውም። እስኪለወጥ ድረስ ግን አክሲዮንም አይደለምና የያዘው ሰው ድምፅ አይሰጥም።

የውሉ ልብ ጣሪያው ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ ወደ አክሲዮን ሲለወጥ ድርጅቱ ሊገመትበት የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ ነው። አንድ ሰው 100,000 ዶላር በ5 ሚሊዮን ጣሪያ ሰጠ እንበል። ገንዘቡ በሚለወጥበት ቀን ሌሎቹ ሴፎችም ተጨምረው ጠቅላላው አክሲዮን 10 ሚሊዮን ቢሆን፣ 5 ሚሊዮኑ ለ10 ሚሊዮን ሲካፈል አንዱ አክሲዮን 50 ሳንቲም ይመጣል። ሰውየው 200,000 አክሲዮን ማለትም 2 በመቶ ያገኛል። አዲሶቹ ባለሀብቶች አንዱን በ1.20 ዶላር ቢገዙ፣ የእሱ ድርሻ በእነሱ ዋጋ 240,000 ዶላር ያወጣል። ገንዘብ የማሰባሰቡ ዙር አንዱን አክሲዮን በ30 ሳንቲም ቆርጦ ቢዘጋ ደግሞ እሱም የሚቆጠርለት በ30 ሳንቲም ነው። ጣሪያ ከላይ እንጂ ከታች አይገድብም፤ «ድርጅቴ 5 ሚሊዮን ያወጣል» እያለ የሚያወራ መሥራች ይህን አልተረዳም።

አንዳንድ ሴፍ በጣሪያ ፈንታ፣ አዲሶቹ ባለሀብቶች ከሚከፍሉት ዋጋ ላይ ቅናሽ አለው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ መስመር አለ፦ የቅናሹ ቅጽ የሚጠይቀው ባለሀብቱ የሚከፍለውን መቶኛ ነው። 20 በመቶ ቅናሽ ለመስጠት የሚጻፈው 80 ነው። 20 ብሎ የጻፈ አክሲዮኑን በአንድ አምስተኛ ዋጋ ሸጠ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ቅጹ ተሻሽሎ «ፖስት መኒ» የሚባለው መጣ። በቀድሞው «ፕሪ መኒ» ሌሎች ሴፎች ከስሌቱ ውጭ ስለነበሩ፣ ማን ስንት እንደያዘ ዙሩ እስኪዘጋ አይታወቅም ነበር። አሁን የሰጡትን ገንዘብ ለጣሪያው ማካፈል ይበቃል። ችግሩ ሸክሙ መሥራቹ ላይ መውደቁ ነው። 200,000 ዶላር በ4 ሚሊዮን፣ ከወራት በኋላ 300,000 በ5 ሚሊዮን፣ ከዚያ 400,000 በ8 ሚሊዮን ጣሪያ የተቀበለ ሰው፣ በየፊርማው ትንሽ የሰጠ ይመስለዋል። ሲደመር 5 እና 6 እና 5፣ 16 በመቶ ነው፤ አንዱ ሴፍ ሌላውን ስለማይሸራርፈው ሁሉም የሚቀነሰው ከመሥራቾቹ ነው። ቀጥሎ ቬንቸር ካፒታሉ 20 በመቶ ሲወስድና ለሠራተኞች አዲስ 10 በመቶ ሲመደብ፣ መሥራቾቹ ከ84 ወደ 58.8 በመቶ ይወርዳሉ፤ የሴፎቹ 16ም 11.2 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴፍ ከመፈረሙ በፊት ይህ ስሌት በሠንጠረዥ መሠራት አለበት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ብዙዎች የሚሠሩት ጠበቃው ሲጠይቃቸው ነው።

ድርጅቱ ገንዘቡ ሳይለወጥ ቢሸጥ፣ ባለሀብቱ የሰጠውን ያህል ወይም በጣሪያው የሚደርሰውን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይወስዳል። ቢፈርስ መጀመሪያ አበዳሪዎች ይከፈላቸዋል፤ ከተረፈ ባለሀብቱ የሰጠው ይመለስለታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚተርፍ የለም። ድርጅቱ አትርፎ ሌላ ዙር ባያስፈልገውስ? ሴፉ ሳይለወጥ ዓመታት ይቀመጣል። ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ከተከፈለ ለሴፍ ባለቤትም ይከፈላል እንጂ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት አይችልም።

ከአሜሪካ ወገን የሚሰበሰብ ገንዘብ ሌላ ጣጣ አለው። ሴፍ በዚያ አገር ሕግ የሚመዘገብ ሰነድ ስለሆነ፣ ከምዝገባ ነፃ ለመሆን ብዙዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ቀላል የሚሆነው ባለሀብቱ ብቁ ሲሆን ነው፦ ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት፣ ወይም ባለፉት ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ፣ ዘንድሮም ያን ያህል የሚጠበቅ ከሆነ። የመጀመሪያው ሽያጭ በተፈጸመ በ15 ቀን ውስጥ «ፎርም ዲ» ይገባል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ 5,000 5,000 ዶላር ማሰባሰብ እንደ ዕቁብ ቀላል ይመስላል፤ ብቁ ያልሆነ ሰው አንድ ሲገባ ግን ድርጅቱ በሕጉ መሠረት ዝርዝር መረጃ የማቅረብ ግዴታ ይመጣበታል።

ቅጹ የተጻፈው ተመራጭ አክሲዮን (ከተራው አክሲዮን ቀድሞ የሚከፈለውን) ለሚያወጣ የአሜሪካ ኮርፖሬሽን ነው፤ ዋይ ኮምቢኔተር ለካናዳ፣ ለኬይማንና ለሲንጋፖር ለየብቻ ያዘጋጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የተመዘገበ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ብቻ ቀይሮ ቢፈርምበት፣ ወረቀቱ የሚጠቅሰው ዓይነት አክሲዮን እጁ ላይ የለም። በአሜሪካዋ ዴላዌር ግዛት እናት ድርጅት፣ በአዲስ አበባ ልጅ ድርጅት ያለው ስታርትአፕ ከሆነ ደግሞ፣ ገንዘብ ሰጪው ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀው ይህ ነው፦ ኮዱ፣ የንግድ ምልክቱና የአዲስ አበባው ድርጅት ድርሻ በእናትየው ስም ናቸው ወይስ በመሥራቹ? በመሥራቹ ስም ከሆኑ፣ የተገዛው የባዶ ሣጥን 2 በመቶ ነው።