ድረ ገጾችን በየብሮውዘሩና በየስክሪኑ መፈተሽ

አንድ ድረ ገጽ በተለያዩ ብሮውዘሮች፣ በአሮጌና በአዲስ ስሪቶቻቸው፣ እንዲሁም ከስልክ እስከ ሰፊ ሞኒተር ባሉ ስክሪኖች ላይ በአግባቡ መታየቱንና መሥራቱን ማረጋገጥ በድረ ገጽ ግንባታ ውስጥ ስሙ ብዙም የማይነሣ፣ ሲጎድል ግን ወዲያው የሚታወቅ ሥራ ነው። ገጹ የትም ቢከፈት መልኩ ቅንጣት አይለወጥ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከደንበኛ ነው። ሞካሪው የሚጠይቀው ጽሑፉ ይነበባል ወይ፣ ቁልፉ ሲነካ ይሠራል ወይ፣ ቅጹ ይላካል ወይ ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልዩነቱ ዋና ምንጭ ሞተሩ ነው፤ የኤችቲኤምኤል (የይዘቱን) እና የሲኤስኤስ (የመልኩን) ኮድ ተቀብሎ ገጹን በስክሪን ላይ የሚስለው እሱ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው፤ ክሮም፣ ኤጅና ኦፔራ የሚጋሩት ብሊንክ፣ የሳፋሪው ዌብኪት እና የፋየርፎክሱ ጌኮ። ሞተሩ አንድ ሆኖም ስሪቱ ከተለያየ ችግር አለ። ብሮውዘር የማያውቀውን የሲኤስኤስ ትእዛዝ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል፤ ስለዚህ ስህተቱን የሚያገኘው ገጹን ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው። የስሪት ቁጥር ራሱ ጣጣ ያመጣበት ጊዜም ነበር። ኦፔራ 10 በ2009 ሲወጣ ከቁጥሩ የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ድረ ገጾች «ስሪት 1» ብለው ስላሰቡት፣ ራሱን 9.80 ብሎ ለማስተዋወቅ ተገደደ።

ቀደምቱ ብሮውዘር ሞዛይክ የወጣው በ1993 ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ግን በደንብ የሚጀምረው በ1994 መጨረሻ ኔትስኬፕ፣ በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከመጡ በኋላ ነው። ሁለቱ የየራሳቸውን ኮድ እየፈጠሩ ሲሽቀዳደሙ፣ ሠሪዎች ወይ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ሠሩት፣ ወይ «ይህ ገጽ በእገሌ ብሮውዘር ቢታይ ይመረጣል» የሚል ምልክት ለጥፈው ተገላገሉ። ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው ደረጃ አውጪ ተቋም በታኅሣሥ 1996 የመጀመሪያውን የሲኤስኤስ ደረጃ ቢያጸድቅም ሁሉም በየፊናው ተረጎመው።

ከሁሉ የታወቀው የሳጥን ስሌት ውዝግብ ነው፤ ሳጥን የሚባለው ብሮውዘር እያንዳንዱን የገጹን ክፍል የሚያስቀምጥበት አራት ማዕዘን ነው። የሳጥኑ ስፋት 300 ፒክስል፣ የውስጥ ክፍተቱ በየጎኑ 20፣ ጠርዙ በየጎኑ 5 ተብሎ ተጻፈ እንበል። በደረጃው መሠረት 300 የይዘቱ ስፋት ብቻ ስለሆነ ሳጥኑ በጠቅላላው 350 ፒክስል ይይዛል። የዊንዶውሱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ክፍተቱንና ጠርዙን ከ300ው ላይ ይቀንስና ለይዘቱ 250 ይተዋል። ለአንዱ ስሌት በልክ የተሠሩ ሁለት ዐምዶች በሌላው ሲከፈቱ ወይ መሀላቸው ይከፈታል፣ ወይ ቦታ አጥቶ አንዱ ከሌላው ሥር ይወድቃል። የማን ስሌት ይሻል ነበር የሚለው ያከራክራል። በኋላ «ቦክስ ሳይዚንግ» የሚባለው ትእዛዝ ምርጫውን ለሠሪው ሲሰጥ ብዙዎች ወደ ኤክስፕሎረሩ ስሌት ማዘንበላቸው ግን ለደረጃ ተሟጋቾች የሚጥም ዜና አልነበረም።

በነሐሴ 2001 የወጣው የኤክስፕሎረር ስሪት 6 ይህን ስሌት አስተካከለ፤ ያውም በገጹ አናት ላይ ተገቢው የሰነድ ዓይነት ከተገለጸ ብቻ። ስሪት 7 እስኪመጣ ጥቅምት 2006 ደረሰ፤ በእነዚያ አምስት ዓመታት የሞካሪዎች እውቀት የተከማቸው በአብዛኛው በዚህ አንድ ብሮውዘር ላይ ነው። ስሪት 6 ወደ ግራ የተንሳፈፈን (ወደ ግራ ጠርዝ እንዲጠጋ የታዘዘን) ሳጥን የግራ ኅዳግ እጥፍ ያደርገዋል፤ መድኃኒቱ ሳጥኑን በሲኤስኤስ «ኢንላይን» ማለት ሲሆን፣ ይህ በሌሎቹ ብሮውዘሮች ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም። ከፊል ግልጽነት ያላቸው የፒኤንጂ ሥዕሎች በግራጫ ጀርባ ይመጣሉ። በአንድ ዊንዶውስ ላይ ሁለት የኤክስፕሎረር ስሪት በወጉ መጫን ስለማይቻል፣ ሞካሪዎች ለየስሪቱ የተለየ ኮምፒውተር ወይም ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ያዘጋጁ ነበር። የድረ ገጽ ደረጃ ከወረቀት ወርዶ ሥራ ላይ የዋለው በእነዚህ ሰዎች ትዕግሥት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሚያዝያ 2005 ይፋ የሆነውና ብሮውዘር ደረጃውን መከተሉን ፈገግታ ያለው ፊት በማሳል የሚፈትነው አሲድ 2 ሙከራም ብሮውዘር አምራቾችን አነቃቅቷል፤ ቀድሞ ያለፈው ሳፋሪ ነው፣ ኤክስፕሎረር በ2009 በስሪት 8 ደረሰበት። ማይክሮሶፍት ለኤክስፕሎረር 11 በዊንዶውስ 10 ላይ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በሰኔ 2022 አቋረጠ።

አይፎን በ2007 ሲመጣ ጥያቄው ወደ ስክሪን ዞረ። ስፋቱ 320 ፒክስል ብቻ ስለነበረ፣ ሳፋሪ ገጹን 980 ፒክስል እንደሆነ አድርጎ ይስልና አሳንሶ ያሳይ ነበር። የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያው ኢታን ማርኮት በግንቦት 2010 «ሪስፖንሲቭ» ያለውን አሠራር ካስተዋወቀ በኋላ አንድ ገጽ ራሱን ከስክሪኑ ጋር እያጣጣመ መሠራት ጀመረ። ፍተሻውም በዚያው ቀለለ፤ የብሮውዘሩን መስኮት ከጠርዙ ይዞ ቀስ በቀስ ማጥበብና ገጹ የሚፈርስበትን ስፋት መመዝገብ ነው። በታወቁ የስልክ ስፋቶች ላይ ብቻ የሚፈትሽ ሰው መሀል ላይ ያለው ብልሽት ያመልጠዋል።

መስኮት ማጥበብ የማያሳየው ነገርም አለ። ቁመቱ «100 ቪኤች» (የመስኮቱ ሙሉ ቁመት) የተባለ ገጽ በኮምፒውተር ልክክ ብሎ ይታይና፣ በስልክ ግን ከታች ያለው የ«ላክ» ቁልፍ በብሮውዘሩ አሞሌ ይሸፈናል። በአይፎን የፊደሉ መጠን ከ16 ፒክስል ያነሰ የመጻፊያ ሳጥን ሲነካ ገጹ ሳይታዘዝ ይጎላል። በኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስሉ መሣሪያዎች ይበቃሉ የሚሉ አሉ፤ አይበቁም።

በ2004 የተጀመረው ሴሌኒየምና በ2020 የመጣው ፕሌይራይት ብሮውዘሩን በኮድ እየነዱ ተደጋጋሚውን ፍተሻ ያቃልላሉ። ፕሌይራይት የዌብኪት ሞተርን በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይም ያስኬዳል፤ ያ ግን ሳፋሪ ራሱ አይደለም።

በአይፎን ላይ ያለ ክሮም የሚሠራው በብሊንክ ሳይሆን በዌብኪት ነው፤ ስለዚህ በአንድሮይድ ክሮም የተፈተሸ ገጽ ለአይፎኑ ክሮም እንደተፈተሸ አይቆጠርም። አፕል ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሌሎች ሞተሮችን ፈቅዷል።