ግራፋይት አይረን በርካሽ መገጣጠም፦ የሚወራውና እውነታው

ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሞርሳ እዋሳለሁ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ሻይ ይዤ እስከመጣሁ ድረስ ብዙ አይጠይቁኝም። የመጀመሪያው ቀን ግን ሞርሳው ላይ ያሰርኩትን አይተው «ይሄ የምን መኪና ዕቃ ነው?» አሉኝ። አይረን የሚባለው፣ ጭንቅላቱ ብረት የሆነና ቁጥር ያለው የጎልፍ ዱላ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። «እሱ የሀብታም ጨዋታ አይደል እንዴ ልጄ?»

አዲስ ሙሉ ስብስብ ከሱቅ ለሚገዛ ሰው፣ አዎ፣ የሀብታም ነው። ኦልድ ኤርፖርት የጎልፍ ሜዳ ላይ ከተጫዋቹም ዱላውን ከሚሸከምለት ከካዲውም ጋር ሳወራ ግን ሰው በእጁ እንዳይሠራ የሚያስፈራው ብሩ ብቻ አይደለም። ወሬውም ነው። ግማሹን ወሬ እኔም አምኜው ከስሬበታለሁ።

«ግራፋይት የሽማግሌና የሴት ነው»

ሻፍት ማለት ከእጀታው እስከ ጭንቅላቱ ያለው ዘንግ ነው። ወይ ብረት ነው፣ ወይ ግራፋይት፤ ግራፋይት ማለት በሙጫ ተነክሮ የተጠቀለለ የካርቦን ክር ነው። ለአይረን የሚሆን የብረት ሻፍት በአብዛኛው ከ90 እስከ 130 ግራም ይመዝናል። ግራፋይቱ ከ50 ግራም አካባቢ ተነስቶ 110 ግራም ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ «ግራፋይት» የሚለው ቃል ብቻውን ቀላል ይሁን ከባድ፣ ለስላሳ ይሁን ደረቅ አይነግርህም። አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ብራይሰን ዲሻምቦ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ኦፕን ውድድርን ሲያሸንፍ አይረኖቹ ግራፋይት ነበሩ። እሱን ደግሞ ጉልበት የለውም የሚል ሰው አላየሁም።

ብረትም በጊዜው ታምቷል። ብዙው ሰው በሂኮሪ እንጨት ሻፍት ሲጫወት በነበረበት ዘመን፣ የብሪታንያው የጎልፍ ሕግ አውጪ አካል የብረት ሻፍትን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። እኔ ወደ ግራፋይት የሄድኩት በክርኔ ምክንያት ነው። ንዝረቱን ይውጠዋል። በበጋ፣ መሬቱ እንደ አስፋልት ሲደርቅ፣ ልዩነቱ ይታወቃል።

«ይሰበራል» የሚሉም አሉ። ካልተጫረና ካልተሰነጠቀ ለዓመታት ያገለግላል። ያገለገለ ስትገዛ ጥፍርህን ከላይ እስከ ታች አሂድበት። ጥፍርህ የሚያዝበት ስንጥቅ ካለ ተወው። ማግኔትም ያዝ። ብረት ቀለም ተቀብቶ ግራፋይት ተብሎ ሊሸጥልህ ይችላል፤ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ነገሩ አለቀ። ስትቆርጠው መቁረጫው ቦታ ላይ ናስትሮ ጠቅልልና ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የብረት መጋዝ ቀስ ብለህ ቁረጥ። የቧንቧ መቁረጫ ጨፍልቆ ይሰነጥቀዋል። ብናኙ ለሳንባ አይሆንም፤ አፍና አፍንጫህን ሸፍን።

«ሻፍት ሁሉ ከሁሉም ጭንቅላት ይገጥማል»

ብዙ ብር የሚበላው ይሄ ነው። የአይረን ሻፍት ጫፍ ሁለት መደበኛ ልክ አለው። አንዱ 9.4 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ወደ ጫፉ አይቀጥንም። ሌላው ጫፉ ላይ 9 ሚሊሜትር ሲሆን እየቀጠነ የሚመጣ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፤ በዓይን አይለይም። ቀጭኑን ሰፊው የጭንቅላት ጉድጓድ ውስጥ ብትከተው ይወላገዳል። ወፍራሙ ደግሞ ጠባቡ ውስጥ አይገባልህም። እኔ አራት ሻፍት ገዝቼ ካመጣሁ በኋላ ነው በጋሼ ካሊፐር የለካሁት። አራቱም አልገቡም። አሁን ሳልለካ አልከፍልም።

ሌላም ልዩነት አላቸው። የማይቀጥነው ለእያንዳንዱ ቁጥር ከታች በኩል እየተለካ ይቆረጣል። የሚቀጥነው ግን ለየቁጥሩ ተሠርቶ የሚመጣ ስለሆነ የሚቆረጠው ከላይ፣ ከእጀታው በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ «የ6 ቁጥር ሻፍት ነው» ሲሉህ በየትኛው ዓይነት ብለህ ጠይቅ።

ጭንቅላቱ ቀድሞ ብረት ሻፍት የነበረው ከሆነ ደግሞ የጉድጓዱን አፍ ተመልከት። ጠርዙ ስለት ከሆነ ግራፋይቱን እየገዘገዘ ይቆርጠዋል። በሞረድ ወይም በክብ መሳያ ድንጋይ ጠርዙን ወደ ውስጥ ገደድ አድርገህ ማለስለስ አለብህ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚዘለለው ግን ይሄ ነው።

«የድሮውን ሻፍት ለማውጣት በእሳት ሞቅ አድርጎ መጠምዘዝ ነው»

ብረት ሻፍት ከሆነ ይሠራል። ግራፋይት ከሆነ እሳቱ የካርቦኑን ሙጫ ያቃጥልና ሻፍቱ እንደ ሸንበቆ ይበተናል። ሙቀቱ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ ነው መድረስ ያለበት፤ ሞቃት አየር በሚተፋው መሣሪያ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ሳትጠመዝዝ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ከጠመዘዝክ የካርቦኑ ክር ይላቀቃል።

«ማጣበቂያ ማጣበቂያ ነው»

አይደለም። ከአንድ ሱቅ «በአምስት ደቂቃ ይደርቃል» የተባለ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ገዛሁ። በእርግጥም ደረቀ። ልምምድ ላይ አሥር ኳስ ያህል መታሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ኳሱ መሬቱ ላይ ቀረ፣ ጭንቅላቱ ግን ሄደ። ዞሮ ዞሮ ሳሩ ላይ ሲያርፍ አጠገቤ የነበረው ካዲ «ጥሩ መታኸው» አለኝ። ሰው አለመኖሩ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ 270 ግራም ብረት በዚያ ፍጥነት ሰው ቢያገኝ ቀልድ አይሆንም ነበር።

ቶሎ የሚደርቀው ደረቅ ብስኩት ነው፤ ምት አይችልም። የሚፈለገው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ ነው። ሁለቱን ክፍል ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቅል፤ «ትንሽ ማጠንከሪያ ልጨምርበት» አይሠራም። የሻፍቱን ጫፍ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አንሳ፣ ካርቦኑን ግን አትቁረጥ። የጉድጓዱን ውስጥ የድሮ ሙጫ አጽዳ፣ ቅባት አታስቀርበት። ከዚያ 24 ሰዓት አትንካው። ሐምሌ ላይ ብርድ ስለሆነ እኔ ሁለት ቀን አቆየዋለሁ።

ሻፍቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በተመለከተ አጭር ነኝ። «አር» መካከለኛ፣ «ኤስ» ደረቅ፣ ማለትም ብዙ የማይተጣጠፍ ይባላል፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹን ሁሉ የሚያስር አንድ መለኪያ የለም። የአንዱ «አር» ከሌላው «ኤስ» ይበልጥ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አራት ሻፍት ከአራት ቦታ ለቅመህ «ሁሉም አር ናቸው» አትበል። ከአንድ ስብስብ የወጡትን ግዛ።

«ሻፍቱ ርቀት ይጨምራል»

ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ዓምና ለእረፍት ሲመጣ አዲስ ግራፋይት የገባላቸው አይረኖች ይዞ መጣ። አንድ ጠዋት ከመታ በኋላ «አሥር ሜትር ጨመረልኝ!» አለ። ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግሁም፤ ግን አበላሸሁበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ለንደን ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳሱን የሚይዘው ስለሚቀንስ ከ8 እስከ 10 በመቶ ያህል ይርቃል። እዚያ 130 ሜትር የሚሄድ 7 ቁጥር እዚህ 140 ቢያልፍ ሻፍቱን አታመስግነው።

ቀለል ያለ ሻፍት አንዳንዱ ሰው ዱላውን የሚያወዛውዝበትን ፍጥነት ትንሽ ይጨምራል፤ እሱ እውነት ነው። ሌላው ግን የጭንቅላቱ ፊት ወደ ኋላ ዘመም ከሚልበት ማዕዘን የሚመጣ ነው፤ ማዕዘኑም ቁጥሩም ሲያንስ ኳሱ ይርቃል። የዱሮ 7 ቁጥር 35 ዲግሪ አካባቢ ነበር፤ ዛሬ 30 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሞልተዋል። ቁጥሩ 7 ይበል እንጂ ዱሮ ቢሆን 5 ወይም 6 ይባል ነበር።

ብረት አውጥተህ ግራፋይት ስታስገባ የሚገርምህ ሌላ ነገር ነው። ጭንቅላቱ የጠፋ ይመስልሃል። 120 ግራሙን በ70 ስትቀይር ሚዛኑ ወደ እጅህ ይሸሻል። ፋብሪካዎች ግራፋይቱን ብዙ ጊዜ 1.3 ሴንቲሜትር ያህል የሚያስረዝሙት አንድም ለዚህ ነው። ቀሪውን ጭንቅላቱ ላይ ጥቂት ግራም በመጨመር ትመልሰዋለህ። እኔ ስንት ግራም እንደሚበቃኝ ያወቅሁት ጎሚስታ ዘንድ ጎማ የሚመጥኑባትን ተለጣፊ ክብደት ለሙከራ ከጭንቅላቱ ጀርባ ለጥፌ ነው። አንዷ 5 ግራም ናት። አንዷ በቃችኝ።

«14 ዱላ ካልሞላ ጎልፍ አይደለም» የሚለውስ? 14 የሕጉ ጣሪያ ነው፤ ግዴታ አይደለም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1938 የገደቡት ሰው ከዚያ በላይ መሸከም ስላበዛ ነው። እኔ የሠራሁት አራት ነው፦ 5፣ 7፣ 9 እና ለአጭር ምት የሚሆነው ፒቺንግ ዌጅ። አራት ሻፍት፣ አራት እጀታ፣ ትንሽ ኢፖክሲ። ጭንቅላቶቹን ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣው ጥግ ውስጥ ካልሲ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ አራቱ አንድ ላይ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ነው የሚያልፉት። ሻፍት ግን አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። እሱን የጎልፍ ቦርሳ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው የምትለምነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርህ። ግራፋይቱ ገብቶለት የተገጣጠመ፣ ያገለገለ ስብስብ በደህና ዋጋ ካገኘህ መገጣጠሙን ተወው። እጀታውን ብቻ ቀይር። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ትጠቀልላለህ፣ አኳራጅ ታፈስበታለህ፣ እጀታውን በአንድ ትንፋሽ ትገፋዋለህ። ቤንዚን ግን አትጠቀም፤ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ አለ።