ጣናን ከጀርባ አድርጎ ዙም? ስለ ቪዲዮ ኮል መብራት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሥራ ቃለ መጠይቅ በዙም፣ ስብሰባ በዙም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ምክክርም በዙም ሆኗል። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ በካሜራ ፊት የሚውል ሰው ታዲያ ስለ ጠረጴዛ መብራት ሲጠይቅ ምክር አያጣም። ችግሩ ግማሹ ምክር ስህተት መሆኑ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ሐይቁ ከኋላዬ ቢታይ ያምራል»

ለዓይን አዎ። ለካሜራ ግን ፈተና ነው። የላፕቶፕ ካሜራ ብርሃኑን የሚመጥነው የምስሉን አጠቃላይ ድምቀት አይቶ ነው። ከኋላችሁ ሰማይና የሚያብረቀርቅ ውሃ ካለ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልመዋል። ጣና ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ እናንተ ጥላ ትሆናላችሁ። ይህን በጠረጴዛ መብራት አስተካክላለሁ ማለት ከፀሐይ ጋር ግብግብ መግጠም ነው።

ወንበሩን አዙሩት። ሐይቁን እናንተ እዩት፣ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይረፍ። በዚህ በኩል ባሕር ዳር ዕድለኛ ናት። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስለሆነ ሐይቁን የሚያይ መስኮት በአብዛኛው ወደ ሰሜን ይዞራል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ በዚያ መስኮት ቀትር ላይ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ነው፤ ፎቶ አንሺዎች የሚመኙት ዓይነት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ያን ጊዜ ስስ ነጭ መጋረጃ ጣል ማድረግ ነው። የጎረቤት ቆርቆሮ እያንጸባረቀ ለሚያስቸግረውም መፍትሔው ያው መጋረጃ ነው።

እንዲህ ያለ መስኮት ያለው ሰው ቀን ቀን ምንም መብራት ላያስፈልገው ይችላል። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም።

«ዋቱ የበዛ ይሻላል»

ዋት የሚነግራችሁ አምፖሉ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው። የሚሰጠውን ብርሃን ለማወቅ ካርቶኑ ላይ ሉመኑን ፈልጉ። የድሮው 60 ዋት አምፖልና የዛሬው 9 ዋት ገደማ ኤልኢዲ የሚሰጡት ብርሃን ተቀራራቢ ነው፤ ወደ 800 ሉመን። ለአንድ ሰው ፊት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከጉልበቱ ይልቅ ርቀቱ ይወስናል። ትንሽ መብራትን ከፊታችሁ በእጥፍ ብታርቁት የሚደርሳችሁ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ትልቅ ከመግዛት በፊት ያለውን አቅርቡት። ዓይን ከወጋ ደግሞ ፊታችሁ ላይ ከማብራት ፊት ለፊታችሁ ወዳለ ነጭ ግድግዳ አዙሩት። ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ሰፊና ለስላሳ ነው። ወጪ የለውም።

«ሪንግ ላይት የግድ ነው»

ቲክቶክ ያስለመደን የቀለበት ቅርጽ ያለው መብራት ነው። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ክቧ መብራት መስታወቱ ላይ ቁጭ ብላ ትታያለች። ተራ የጠረጴዛ መብራት ከፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ ተደርጎ ሲቀመጥ የተሻለ ይሠራል።

«ቆዳችን ጠቆር ስለሚል ብርሃን ማብዛት ነው»

ይኼኛው በጣም የተለመደ ነው፣ በጣምም ያሳስታል። ብዙ ጊዜ ፊትን የሚያጠቁረው ከኋላ ያለው ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ካሜራው ግድግዳውን ለማስተካከል ብሎ እናንተን ያጨልማል። ከግድግዳው ራቅ በሉ፤ ከኋላችሁ ያለውን አምፖል አጥፉ። ፊት ለፊት ኃይለኛ ብርሃን ስትለቁበት ግን ግንባርና አፍንጫ ላይ ወዙ ብቻ ያብረቀርቃል፣ የፊት ቅርጽ ይጠፋል። ከጎን የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ጠይም ፊትን የሚያወጣውን ያህል ሌላ ነገር አያወጣውም።

«ነጭ ብርሃን ጥርት ያደርጋል»

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ወይም «ዴይላይት» የሚለው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ 3000 አካባቢ ያለው ቢጫ ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው ነገር የሚበላሸው። ካሜራው ለአንዱ ሲያስተካክል ግማሽ ፊታችሁ ሰማያዊ ወይም ብርቱካን ይሆናል። የጣሪያውን አምፖል አጥፍቶ በአንዱ ብቻ መሥራት ይቀላል። ለማታ ከ4000 እስከ 5000 ያለው መካከለኛ ይስማማል። ሲአርአይ (CRI) የሚል የቀለም ትክክለኛነት መለኪያ ቁጥር ካገኛችሁ 90ና ከዚያ በላይ ያለውን ውሰዱ፤ የቆዳን ቀለም በትክክል ያሳያል።

ምስሉ ላይ መስመር ሲሮጥ «ኔትወርኩ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ 60 ኸርዝ የሚል ካለ ወደ 50 ቀይሩት። ስትገዙም ሱቁ ውስጥ አብሩትና በስልክ ካሜራ እዩት። ጥቁር መስመር ከታየ ተዉት። ብርሃኑን ቀንሳችሁም ሞክሩ፤ አንዳንዱ ሲደምቅ ደህና ሆኖ ሲደበዝዝ ነው የሚርገበገበው።

«መብራት ከሄደ ያው አለቀ» የሚለውም ቀርቷል። 5 ዋት የሆነ የዩኤስቢ መብራት ከ10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ጋር ለ5 ወይም ለ6 ሰዓታት ያህል ይሠራል። በጣም ትንሽ መብራት ከሆነ ግን አንዳንድ ፓወር ባንክ ምንም ያልተሰካበት መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ ቀድማችሁ ሞክሩት። ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ ለራውተሩም የራሱን ባትሪ አዘጋጁለት። አለዚያ ፊታችሁ በርቶ የሚያያችሁ ሰው የለም።