የዶክትሬት ትምህርት በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት

አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ አጠራሩ አህሪ፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ይገኛል። የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያቋቁሙት ዓላማው የሥጋ ደዌ ምርምር ነበር፤ ስያሜውም የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም የተወሰደ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ሲሆን፣ ዛሬ ቲቢን፣ ሌሽማንያሲስን (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) እና ወባንም ያጠናል።

የዶክትሬት ተማሪው የሚመዘገበው በዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቹ በውጭ አገር። ኮርሱን የሚያስተምረው፣ ፕሮፖዛሉን የሚያጸድቀውና ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ላብራቶሪው፣ የታካሚ ናሙናውና አብዛኛውን ጊዜ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ግን በኢንስቲትዩቱ በኩል ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው ቢያንስ ሁለት አማካሪዎች ይኖሩታል፣ ከየተቋሙ አንድ አንድ። ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ማን ይገዛል፣ የጽሑፉ የመጀመሪያ ደራሲ ማን ነው፣ ናሙናው ከምረቃ በኋላ የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ገና በፕሮፖዛል ጊዜ በጽሑፍ ካልተቋጩ በአራተኛው ዓመት ጠብ ሆነው ይመጣሉ።

የሥነ ምግባር ፈቃድ በትምህርት ክፍሉ፣ በአህሪና አለርት የጋራ ኮሚቴ፣ እንደ ጥናቱ ዓይነትም በብሔራዊው ኮሚቴ ያልፋል። ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ስለሚያገለግል በየጊዜው ይታደሳል። የስምምነት ቅጹ ተሳታፊው በሚናገረው ቋንቋ መዘጋጀት አለበት። ከተፈቀደ በኋላ የሚጨመር አንድ የደም ቱቦ እንኳ እንደገና ወደ ኮሚቴ ይመልሳል፤ በመሆኑም የደሙን መጠን ከመጀመሪያው በደንብ ማስላት ወራት ያተርፋል።

ሰዓቱን የሚበላው ግን ባክቴሪያው ራሱ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በሰው ሠራሽ ማሳደጊያ አይበቅልም፣ አንድ ጊዜ ለመከፈልም 12 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል። የቲቢው ባክቴሪያ ይሻላል፤ ቢሆንም በጠጣር ማሳደጊያ እስከ 8 ሳምንት፣ በፈሳሹ እስከ 42 ቀን ካልተጠበቀ «አልበቀለም» ተብሎ አይመዘገብም። አክታው ሌሎች ተሕዋስያን እንዲጠፉለት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታከማል። ደቂቃው ካጠረ ሌላው ተሕዋስ ቀድሞ ይወርረዋል፣ ከረዘመ የቲቢው ባክቴሪያም አብሮ ይሞታል። ለዚህ ነው በጠጣሩ ማሳደጊያ ከመቶ 3 እስከ 5 ብክለት እንደ ጤናማ የሚታየው። ብክለት ጨርሶ የማይታይበት ወር የሚያኮራ ሊመስል ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ማጽዳቱ ከልክ ማለፉን ነው የሚናገረው። በመጨረሻው ዓመት የተሰበሰበ አክታ የመድኃኒት መቋቋም ምርመራ ሲጨመርበት ለመመረቂያው ጽሑፍ ላይደርስ ይችላል።

በሰውነት የበሽታ መከላከል አቅም ጥናት ደግሞ ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነጭ ሴሎቹ መለየት አለባቸው። ከ1 ሚሊ ሊትር ደም 1 ሚሊዮን ገደማ ሴል ይገኛል። ሴሎቹ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴልን ከቅዝቃዜ ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል) ባለው ፈሳሽ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀዘቀዙ ወደ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳሉ፣ ከዚያም ወደ ፈሳሽ ናይትሮጂን ይዛወራሉ። በማቀዝቀዣው ለሳምንታት የተተዉ ሴሎች ሲቀልጡ ብዙዎቹ ሞተው ይገኛሉ፤ በመሐል መብራት ከጠፋማ ጉዳቱ ይብሳል። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የቁሳቁስ ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል። ናሙናውን በመንገድ የሚያቀዘቅዘው ደረቅ በረዶ በቀን ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ስለሚተን ጉምሩክ ላይ ለሚያልፈው ቀንም ጭምር ይታሰባል።

የጆርናል ግምገማ በራሱ ወራት ይወስዳል፤ የታተመ ጽሑፍ ሳይኖር ተማሪውን ለዲፌንስ (ለመመረቂያ ጽሑፉ የቃል ፈተና) የማያቀርቡ ትምህርት ክፍሎችም አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጽሑፍ የላብራቶሪው ሥራ ሳያልቅ ይላካል፣ በደራሲው ስም ሥርም ሁለቱም ተቋማት ይጻፋሉ።