ስለ ፋራሎን ደሴቶች በስህተት የሚወሩ ነገሮችና እውነታው

ሳን ፍራንሲስኮ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ወደ ምዕራብ ብታዩ፣ ከውቅያኖሱ ላይ እንደተሸረፈ ጥርስ ያገጠጡ ድንጋዮች ይታያሉ። ፋራሎን ይባላሉ። ስለነሱ ብዙ ይወራል፣ ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

"አልካትራዝ ማለት አይደል እንዴ?" አይደለም። እስር ቤት የነበረበት አልካትራዝ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ፣ ከከተማዋ አፍንጫ ሥር ነው። ፋራሎን ግን ከጎልደን ጌት ድልድይ ወጥታችሁ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲያም ሆኖ በአስተዳደር የሳን ፍራንሲስኮ ነው።

"ባዶ ድንጋይ ነው።" ይሄኛው በጣም ያናድደኛል! ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ባለው አሜሪካ እንደዚህ ብዙ የባሕር ወፍ የሚራባበት ቦታ የለም።

"ሰው ስለማይደርስባቸው ወፎቹ ሁሌም ተመችቷቸው ነው የኖሩት።" በፍጹም። በፈረንጆቹ 1849 ወርቅ ፍለጋ ሕዝቡ ሲጎርፍ ከተማዋ ውስጥ ዶሮ እንደ ልብ አልነበረም፤ እንቁላል እሳት ሆነ፣ ሰዉም በጀልባ ፋራሎን ድረስ እየሄደ፣ መር የምትባለዋን ጥቁርና ነጭ ወፍ እንቁላል መልቀም ጀመረ። ለቃሚዎቹ መጀመሪያ ያገኙትን እንቁላል ሁሉ ይሰብሩታል። ከዚያ በኋላ የሚጣለው ትኩስ መሆኑን እርግጠኛ ለመሆን ነው። መር ደግሞ በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው! ገንዘቡ እየጣፈጠ ሲሄድ በ1863 ተፎካካሪዎቹ ተታኩሰው ሁለት ሰው ሞተ። በእንቁላል ለቀማውና በኋላም ከመርከቦች በሚፈሰው ዘይት፣ በመቶ ሺዎች የነበሩት መሮች ወደ ጥቂት ሺዎች ወረዱ። በ1909 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የተወሰኑትን ደሴቶች የወፎች መጠለያ አደረጓቸው፤ ዋናው ደሴት ግን እስከ 1969 መጠበቅ ነበረበት። አሁን መሮቹ እንደገና በመቶ ሺዎች ሆነዋል፤ ደስ አይልም?

"የኑክሌር ቆሻሻ የተጣለው ደሴቶቹ ላይ ነው።" ቆሻሻው እውነት ነው፣ ቦታው ግን ስህተት ነው። ከ1946 እስከ 1970 ወደ 47,500 በርሜል ገደማ ተጥሏል፤ የተጣለው ግን በአካባቢው ባሕር ውስጥ ነው።

"ሻርኮቹ ሰው ነው የሚጠብቁት።" ነጭ ሻርኮቹ በብዛት የሚመጡት በመከር ወራት ነው፤ የሚፈልጉትም ስብ የሞላቸውን ሲል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ነው።

"ከፍዬ ወርጄ ልጎብኝ።" አይቻልም። በጀልባ ዙሪያውን መዞር ትችላላችሁ፤ መውረድ የሚፈቀደው ለተመራማሪዎችና ለጠባቂዎች ነው። መሮቹ ጎጆ አይሠሩም፣ እንቁላላቸው ያለው ባዶ ድንጋይ ላይ ነው። አንድ ሰው ድንገት ብቅ ቢል ደንግጠው ይነሳሉ፤ እንቁላሉ ወይ ተንከባሎ ገደል ይገባል፣ ወይ ሌላ ወፍ ይነጥቀዋል።