«መታሁት፣ ግን…»፦ በአካል ጉዳት ክስ የሚነሣ መከላከያ ምንድን ነው?

የሰፈር ግሮሰሪ ውስጥ ነው እንበል። ሁለት ሰዎች በሒሳብ ተጨቃጨቁ። አንደኛው ባዶ የቢራ ጠርሙስ አንሥቶ ሲንደረደር ሌላው በሁለት እጁ ገፈተረው። ባለ ጠርሙሱ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ የበሩ ደፍ ላይ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ከሦስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ሲገናኙ ከሳሹ ባለ ጠርሙሱ ነው። የሕክምና ወጪውንና ሥራ የፈታበትን ጊዜ ሒሳብ ይጠይቃል።

ተከሳሹ «አልነካሁትም፣ ራሱ ተደናቅፎ ነው» ካለ ድርጊቱን ካደ፤ ማስረዳቱ የከሳሽ ሥራ ይሆናል። «አዎ ገፍትሬዋለሁ፣ ግን በጠርሙስ ሊፈነክተኝ ሲመጣ ነው» ካለ ደግሞ አምኖ ምክንያት አቀረበ ማለት ነው። እዚህ የምናወራው ስለዚህኛው መልስ ነው። አምኖ የሚከላከል ሰው ምክንያቱን ራሱ ማስረዳት አለበት፤ ጠርሙሱን ያየ ምስክር ፈልጎ ማምጣት የእሱ ዕዳ ነው። ብዙ ሰው «አልመታሁትም፣ ብመታውም እሱ ጀምሮኝ ነው» ብሎ ሁለቱን አዝሎ ይመጣል፤ ዳኛ ፊት ሲደርስ ሁለቱም ክብደት ያጣሉ።

የእኛ አገር ሕግ ጉዳዩን የሚያየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት (ውል ሳይኖር ሰው ላይ ስለደረሰ ጉዳት መካስ) በሚለው ክፍል ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አንቀጽ 2038 ሰውን ያለፈቃዱ ሆን ብሎ መንካት ጥፋት ነው ይላል። ልብ በሉ፣ መነሻው መቁሰል ሳይሆን መነካት ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 2039 ደግሞ መንካቱ ጥፋት የማይሆንባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። «መታሁት፣ ግን…» የሚል ሰው ከ«ግን» በኋላ የሚለው ነገር እዚያ ውስጥ ቦታ ማግኘት አለበት።

ዋናው ራስን መከላከል ነው። ሌላ ሰውን ከጥቃት ማዳንና የራስን ንብረት መጠበቅም አብረው ተጽፈዋል። ሁሉንም የሚያስረው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ድርጊቱ በተገቢው መጠን የተፈጸመ መሆን አለበት። ግሮሰሪው ውስጥ ግፍተራው ያስኬዳል። ሰውየው ወድቆ፣ ጠርሙሱም ከእጁ አምልጦ ተንከባሎ ከሄደ በኋላ ጎኑን በእርግጫ ቢለው ግን ያ እርግጫ መከላከል አይደለም። ጥቃቱ ቆሟል፤ የቀረው ንዴት ነው። ስለዚህ ተከሳሹ ለክንዱ ላይከፍል፣ ለጎድን አጥንቱ ሊከፍል ይችላል።

በወንጀል በኩል መለኪያው ትንሽ ይለያል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 79 መሠረት ከመጠን ያለፈው ሰው ጥቃቱ በፈጠረበት ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሳይቀጣው ሊያልፍ ይችላል። የፍትሐ ብሔሩ ካሳ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ሰው በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ አይታሰርም ይላል። «በነጻ ተለቅቄ የለም እንዴ?» ብሎ የካሳ መጥሪያ ሲደርሰው የሚደነግጥ ሰው ነገሩ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

«ሰደበኝ» ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እናትን የሚነካ ስድብ እንኳ ቢሆን በራሱ ቡጢን ሕጋዊ አያደርግም፤ ቢበዛ ተጎጂው ለጉዳቱ ያዋጣው ጥፋት አለ ተብሎ በአንቀጽ 2098 መሠረት ካሳው ሊቀነስ ይችላል። «ሰክሬ ነበር» ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ፈቃድ ሌላው በር ነው። ሕጉ የሚለው፣ ተከሳሹ ሌላው ሰው ይቃወመኛል ብሎ ሊገምት የማይችል ከነበረ ጥፋት የለም ነው። የፀጉር አስተካካይ እጅ አንገታችን ላይ ሲያርፍ የማንከሰው ለዚህ ነው። ለስፖርት በአንቀጽ 2068 የተለየ ድንጋጌ አለ፤ ሜዳ ላይ በኳስ ሽሚያ እግሩ የተሰበረ ተጫዋች የሚያሸንፈው ተንኮል ወይም የጨዋታውን ደንብ ከባድ ጥሰት ካሳየ ነው። ተራ ፋውል አይበቃም።

ያው ዝርዝር ልጅን፣ ተማሪንና አገልጋይን በመጠኑ መቅጣትንም እንደ መከላከያ አስፍሯል። የቤት ሠራተኛን መምታት «በመጠኑ» ከሆነ ጥፋት አይደለም ማለቱ ነው! ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል። ተማሪን በተመለከተ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና ሕጻናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። በአለንጋ ተማሪ ያቆሰለ መምህር 2039ን ይዞ ቢመጣ የያዘው የሞተ ሐረግ ነው። ለአገልጋይም ቢሆን አንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው ከአካል ጉዳት የመጠበቅ መብት አለው ስለሚል መደምደሚያው የተለየ አይመስለኝም። ወላጅ ቤቱ ውስጥ ልጁን መቅጣቱ ግን በ36 በስሙ አልተጠራም፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር የግድ ሁኔታ ነው። ውሻ ሲያባርርህ ለማምለጥ መንገደኛ ገፍትረህ ቦይ ውስጥ ብትጥል ማንም ክፉ ሰው ነህ አይልህም። ሆኖም አንቀጽ 2066 ያለው ጥፋት ሳይኖር ስለሚመጣ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍል ውስጥ ነው፤ ራስህን ለማዳን ሌላውን ጎድተህ ከሆነ ትክሳለህ። ከራስ መከላከል ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ባለ ጠርሙሱ ጣጣውን በራሱ አመጣ፣ መንገደኛው ግን ምንም አላደረገም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ሕጉ ግን ይረሳል። ካሳ ጠያቂ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ተከሳሹ ስለ ጠርሙሱ አንድ ቃል ሳይናገር በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ በማለፉ ብቻ ሊያሸንፍ ይችላል። ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ከሆነ ግን ለካሳውም ያው ረዥሙ ይሠራል። ከሳሽ በጊዜው መጥቶ መከላከያው ሁሉ ቢወድቅ ደግሞ፣ ለደረሰበት የሕሊና ጉዳት (በገንዘብ ለማይለካው የስሜት ሥቃይ) በአንቀጽ 2116 የሚፈረድለት ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም። ይህ ጣሪያ የሕሊናው ብቻ ነው፤ የሐኪም ቤቱ ደረሰኝና የቀረው ደመወዝ ለብቻቸው ይሰላሉ።